ሰኞ፣ በእግር

አባቴ ትቶት ካለፈው ነገር ሁሉ እኔ የወሰድኩት ደብተሮቹን ነው። በደረት ኪስ የሚገቡ፣ ጠርዛቸው ቀይ የሆነ የሂሳብ ደብተሮች፤ አንድ ካርቶን ይሞላሉ። ውስጣቸው ምክር የለም፣ ትዝታ የለም፣ ለልጆቼ የሚል ቃል የለም። የወጣ ሳንቲም ብቻ አለ። ስኳር፣ ላምባ፣ እድር፣ የጫማ ሶል። ከሁሉም ባረጀው ደብተር ውስጥ፣ አንድ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦

«ሰኞ የካቲት 11። አውቶቡስ የለም። በእግር። የቀን ሂሳብ ተቆረጠ፣ 2.50።»

ዓመቱ 1966 ነው። የካቲት 11 ሲባል ለብዙ አንባቢ ሌላ ዓመትና ሌላ በረሃ ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። የእኛ ቤት የካቲት 11 ግን አስፋልት ላይ ተጀምሮ አስፋልት ላይ ያለቀ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች አድማ መቱ። አባቴ የታክሲ ደንበኛ አልነበረም። በእሱ ዓይን ለታክሲ ስሙኒ የሚከፍል ሰው ወይ ባለጸጋ ነው፣ ወይ ጠጥቷል። የሚመላለሰው በአንበሳ አውቶቡስ ነበር። ነገር ግን ታክሲ ሲጠፋ የታክሲው ሰው ሁሉ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ፈሰሰ፤ አውቶቡሶቹ በራቸው እስከማይዘጋ ሞልተው ሳይቆሙ አለፉ፤ ቆይቶ ደግሞ ወጣቶች በድንጋይ ይመቷቸው ጀመር። የአባቴ ቤት ጉለሌ፣ ሥራው ሳሪስ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ዕቃ ይመዘግብ ነበር። ፒያሳ ደረሰ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ወረደ፣ ከዚያ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ነጎደ። ሥራ የሚገባው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እሱ የደረሰው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሠራ፤ የቀኑ ሂሳብ ግን ተቆረጠበት፤ ምክንያቱም የዚያ ፋብሪካ ደንብ ከሁለት ሰዓት በላይ የዘገየ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል ይል ነበር። ማታም በእግሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ አባቴ ጡረታ ወጣ። አቋሙ ግን እስኪሞት ድረስ አልተለወጠም፦ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች 2 ብር ከ50 አለባቸው።

ልጁ ደግሞ ባለ ታክሲ ሆነ። ዋሽንግተን ውስጥ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መጻሕፍት ውስጥ ያ ሳምንት ሌላ መልክ አለው። በ1966 መባቻ ዐረቦችና እስራኤል ከተዋጉ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ አሻቅቦ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ፤ ታሪፉ ግን ባለበት ቆየ። ባለ ታክሲዎቹ ሰማይ ይውረድልን አላሉም፤ ወይ ቤንዚኑ ይቀነስ፣ ወይ ታሪፉ ይጨመር ነው ያሉት። በዚያው ሰሞን መምህራን ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቁመዋል፤ የድሃው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቀር የተሸረበ ነው ብለው ፈርተው ነበር። ከወር በፊት ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ቢበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው አናካፍልም ስላሏቸው አመፁ፤ ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጡት። ከአብዮቱ ታሪክ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማነበው ይህን ነው። አቤቱታ በወረቀት ከሚቀርብ በሳህን ቢቀርብ ይሻላል የሚያሰኝ ነገር አለው።

አድማው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን መንግሥት ከነዳጁ ዋጋ ላይ ቀንሶ የትምህርት ዕቅዱን አዘገየ። የካቲት 20 የጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ኅዳር 14 አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለየካቲት 11 የሚደርሳት «የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ» የምትል አራት ቃል ናት። አባቴ በአራቱ ቃላት ውስጥ የለም። ስሙን በቀይ የጻፈው ሰዓት ተቆጣጣሪም የለም።

ድንጋይ ከወረወሩት አንዱ አጎቴ ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ያኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከወንድሙ ቤት ያድራል፣ የወንድሙን ሽሮ ይበላል። የዚያች ሰኞ ማታ አባቴ ጨው የተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ ተቀምጧል። እናቴ እንደምትለው አጎቴ ፊቱ በርቶ ገባና አውቶቡስ እንዴት እንዳስቆሙ ይተርክ ጀመር። መስተዋቱ እንዴት እንደረገፈ፣ ሾፌሩ እንዴት እንደሮጠ። አባቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና፦

«ሰው ነበረበት?» አለ።

«ወርደው ነበር።»

«የት ሊሄዱ?»

አጎቴ ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ ካልደፈረሰ አይጠራም» አለ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ አባቴ፣ እግሩን ከሳፋው እያወጣ። «እስኪጠራ ድረስ የደፈረሰውን የሚጠጣው ማን እንደሆነ ንገረኝ።»

እናቴ ይህን ባወራች ቁጥር በሁለቱም ትስቃለች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች አንዴ ለአጎቴ፣ አንዴ ለአባቴ ያደላሉ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቤት ኪራይም በአዋጅ ቀነሰ፤ ከትንሹ ኪራይ ላይ የተቀነሰው ደግሞ ይበዛ ነበር። በደብተሩ ውስጥ «ኪራይ 16» የነበረው «ኪራይ 8» ይሆናል። ከስምንቷ ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ካርቶኑን በሙሉ አገላብጫለሁ፤ ሌላ የተሰመረበት ቁጥር አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ለእረፍት አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ እርሳስ ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩና ሂሳቡን ሠራሁለት። በወር 8 ብር ማለት በዓመት 96 ብር ነው፤ የዚያች ሰኞ ዕዳ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ38 ጊዜ በላይ ተከፍሏል። ያ አድማ ባይኖር አብዮቱ መምጣቱ ያጠራጥራል፣ አብዮቱ ባይመጣ ኪራዩ አይቀንስም። አባቴ ወረቀቱን ከመነጽሩ በታች አየውና መለሰልኝ።

«እሱ ሌላ ሂሳብ ነው» አለ።

ጥር 1970 ላይ ደግሞ አምስት ቀን ባዶ ነው። ስኳር የለም፣ ላምባ የለም፣ ቀኑ እንኳ አልተጻፈም። አጎቴ በቀይ ሽብር ሲገደል ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ይህን የሚሰሙ ወዳጆቼ «አባትህ ባለ ታክሲዎቹን የሚጠላው በወንድሙ ምክንያት ነው» ይሉኛል። ብልህ አስተያየት ነው፤ አባቴን ግን አያውቁትም። አባቴ ስለ 2 ብር ከ50 ሲናደድ ስለ 2 ብር ከ50 ነው የሚናደደው። ስለ ወንድሙ አይናደድም ነበር። ስለ ወንድሙ አያወራም ነበር።

እዚህ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ባለ ታክሲ የሚከራከርበት ነገር አያጣም። መኪናው ተደርድሮ፣ ቡናው በቴርሞስ ወጥቶ፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ «ያ ትውልድ» ላይ ያርፋል። አንዱ አገር ያፈረሰ ትውልድ ነው ይላል፤ ሌላው ራሱን እንደ ሻማ ያቀለጠ ነው ይላል። ድምፅ ይጨምራል፣ የአባት ስም ይነሳል። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ «ታሪክ ይፍረድ!» ብለው ወደየመኪናቸው ይገባሉ።

ታሪክ እስካሁን ምን ፈረደ? በደርግ ዘመን የየካቲት 66 ሕዝብ ይወደስ ነበር፤ መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ። 1983 ሲመጣ አደባባዩ ወደ ጥንት ስሙ ተመለሰ። በ2002 በዚያው አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ተከፈተ። በየካቲት 2011 የንጉሡ ሐውልት አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ያውም በየካቲት። ባለ ታክሲዎቹ በዚያች ሰኞ ያደረጉት ነገር ግን አንድም አልተለወጠም፤ መኪናቸውን አቁመው ቤታቸው ዋሉ። የወረዳ ዳኛ እንዲህ ፍርዱን ቢገለባብጥ ኖሮ ከወንበሩ ያነሱት ነበር።

የተማሪዎቹንም ነገር ተመልከቱ። የካቲት 18 ቀን 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲተሙ አባቴ «ጠግበው ነው» ብሎ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ከዐሥር ዓመት ከሰባት ቀን በኋላ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በ1958 ለማኞች ከከተማው ተለቅመው ሾላ ሲታጎሩ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው አደባባይ የወጡት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። ይህንን ለልጆቼ በኩራት ነው የምነግረው። መጋቢት 1960 እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የልብስ ትርኢት ሊያዩ በመጡ እንግዶች ላይ እንቁላል የወረወሩት፣ አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ሴቶችን ያንገላቱትስ? እነዚሁ ናቸው። ይህንን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት። ስለ 1957ቱ ሰልፍ የሚተርክ ሞልቷል፤ እንቁላሉን የሚያነሳ ጥቂት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ከተመቱት ሴቶች አንዷ ዛሬ በሕይወት ብትኖር ሰማንያ ዓመት ይጠጋታል፣ የትኛው ጉንጯ እንደነበርም አትስተውም።

የሚከብደኝ ይህ ነው። በተማሪው ልብ ውስጥ ብንገባ ሁለቱ ቀኖች የሚለያዩ አይመስለኝም። በሁለቱም ቀን ደሙ ፈልቷል፣ በሁለቱም ቀን ነገ ይመሰክርልኛል ብሎ ነው የወጣው። ስለዚህ «ነገ ትረዱናላችሁ» የሚል ሰልፈኛ ሲያጋጥመኝ አላምነውም። ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። እንቁላል የወረወረውም ያንኑ ይል ነበር ማለቴ ነው።

ይህን ስል ደግሞ «ታዲያ አርፈው ቤታቸው ይቀመጡ ነበር ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ባለ ታክሲዎቹ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ቤንዚን በግማሽ ጨምሮ ታሪፍ ባለበት ሲቆይ ከእጃቸው ያለው አንድ መሪ ነው፤ መሪውን ለቀቁ። ሕዝብን ሳያውኩ መቃወም ይቻል ነበር የሚሉ ሰዎች፣ ሕዝብን ሳያውክ የተሰማ አንድ የባለ ታክሲ አቤቱታ ይጥቀሱልኝ። ማንም ሳይጉላላ የሚካሄድ አድማ ዕረፍት ይባላል። አባቴም ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን እምነቶች አንድ ላይ ይዤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንዱም ሌላውን አልገፋውም።

በአሜሪካ አላባማ ስላለችው ስለ ሞንትጎመሪ ከተማ ሳነብ እንኳ ዓይኔ የሚያርፈው ባለ ታክሲ ላይ ነው። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ሴት ከመቀመጫዋ ለነጭ አልነሳም ብላ ታሰረች፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1955 የከተማዋ ጥቁሮች አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ፣ 381 ቀን በእግር ሄዱ። ከዚህ መሃል ብዙም የማይነገረው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር ባለ ታክሲዎች ሕዝባቸውን በ10 ሳንቲም፣ ማለትም በአውቶቡስ ዋጋ፣ ያመላልሱ ነበር። የከተማው ባለ ሥልጣናት ከ45 ሳንቲም በታች ያስከፈለ ይቀጣል የሚለውን ደንብ መዘዙ። ሕዝቡ ወደ ግል መኪናዎችና ወደ እግሩ ዞረ። በአላባማ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1921 የወጣ፣ በንግድ ድርጅት ላይ ማደምን የሚከለክል ሕግ ነበርና በእሱ 89 ሰዎች ተከሰሱ፤ የአድማው መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ 500 ዶላር ተፈረደበት። በገዛ እግር መሄድም ወንጀል ሊሆን እንደሚችል የተማርኩት ከዚህ ነው።

ይህን ለአባቴ በስልክ አጫውቼው ነበር። በጣም ደስ አለው። «የሚያድመውም የሚሄደውም አንድ ሰው ነው» አለ። «ይህ የሰው ሥራ ነው። የኔዎቹ አድመው እኔን አስኬዱኝ።»

ልዩነቱን በዚህ ቋንቋ ያስቀመጠልኝ ሌላ ሰው የለም። ነገር ግን ሞንትጎመሪም ቢሆን የራሱ ያልተከፈለ ሂሳብ አለው። ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ ማርች 2 ቀን 1955፣ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ እዚያው ከተማ አውቶቡስ ውስጥ አልነሳም ብላ በፖሊስ እየተጎተተች ወርዳለች። መሪዎቹ መከሩና ለትግሉ ምልክት አትሆንም አሉ፤ ልጅ ናት፣ ግልፍተኛ ናት ተባለ። ነጭና ጥቁርን በአውቶቡስ ውስጥ መለያየትን በፍርድ ቤት ያስቀረው ክስ ግን ከሳሾቹ አራት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ እሷ ነበረች። ፖሊስን ተተናኩላለች የሚለው የልጅነት መዝገቧ የተፋቀው በእ.ኤ.አ. 2021 ነው። 82 ዓመቷ ነበር። ታሪክ ይፍረድ የሚሉ ሰዎች ታሪክ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያበዛ ከዚህች ሴት መጠየቅ ነበረባቸው።

አሁን ወደ ራሴ።

በሰኔ 2006፣ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2014፣ እኔም መንገድ ዘጋሁ። በስልክ የሚጠሩት መኪናዎች ከተማዋን ካጥለቀለቋት ወዲህ ገቢያችን በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር። የጠየቅነው ቀላል ነው፦ እኛ በምንገደድበት ደንብ እነሱም ይገደዱ። የመድን ዋስትናው፣ ፈቃዱ፣ ምርመራው፣ ታሪፉ። በሰልፍ ሆነን ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ገባንና መኪናዎቻችንን አቆምን፣ ጥሩምባ ነፋን። አማርኛ፣ ኡርዱና ፈረንሳይኛ ከየመስኮቱ ይሰማል። አጠገቤ የቆመው የጎንደር ልጅ መሪው ላይ ክንዱን አስተኝቶ፣ ጥሩምባውን በክርኑ ተጭኖ፣ በሌላ እጁ ዳቦ ይበላ ነበር።

የቆምንበት ቦታ የከተማው ምክር ቤት ፊት ለፊት፣ ፍሪደም ፕላዛ ከሚባለው አደባባይ ዳር ነው። አደባባዩ ስሙ የወጣለት ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ነው፤ የእ.ኤ.አ. 1963ቱን ንግግሩን ያረቀቀበት ዊላርድ ሆቴልም እዚያው አጠገብ ነው። የ1963ቱ ሰልፍ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይተረካል። ሰልፉ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ስለ ሰልፉ የሰሙ አሜሪካውያንን ቢጠይቅ 60 በመቶው አልወደዱትም፤ የደገፉት 23 በመቶ ነበሩ። በሰልፉ ቀን ከተማዋ የመጠጥ ሽያጭ ከልክላ ወታደር አዘጋጅታ ነው የጠበቀችው። ይህን የማውቀው ለአገር ጎብኚዎች ስለምተርክ ነው፤ የባለ ታክሲ ዩኒቨርሲቲ የኋላ መቀመጫው ነው። እናም የዚያን ቀን ጥሩምባዬን እየነፋሁ «60 በመቶውም ተሳስቶ ነበር» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አያችሁ፣ እኔም ያው ነኝ።

ከኋላዬ የከተማ አውቶቡስ ቆሟል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ በሩን ከፈተ፤ ሰው ይወርድ ጀመር። አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ጥቁር ሴት፣ ሰማያዊ የሐኪም ቤት ልብስ ለብሳ፣ ነጭ ጫማ አድርጋ፣ በመኪናዎቹ መሃል እየተሹለከለከች መጣች። በእኔና ከፊቴ ባለው ታክሲ መካከል ለማለፍ ስትጠብ መዳፏን የመኪናዬ ኮፈን ላይ አሳረፈች። ኮፈኑ ግሎ ነበርና እጇን ቶሎ አነሳች። በመስታወቱ አሳልፋ አየችኝ። አልተሳደበችም። ቢሆን እመርጥ ነበር። ከዚያ የምሳ ዕቃዋን በሌላው ክንዷ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ በ14ኛው መንገድ በኩል ሽቅብ ወጣች። ጀርባዋ ከዓይኔ እስኪሰወር ጠበቅኩና ጥሩምባውን እንደገና ተጫንኩት።

ታሪክ በዚያ ቀን ላይ የፈረደው ፍርድ የለም። ፋይሉን አልከፈተውም። ኦክቶበር 28 ቀን ምክር ቤቱ በስልክ የሚጠሩትን መኪናዎች በሕግ የሚያሠራ ደንብ አጸደቀ፤ በዚያን ቀንም ደጅ ቆመን ጥሩምባ ነፍተናል። ዛሬ ስለዚያ ሰኔ የሚያወራ የለም፤ ወረፋ ላይ እንኳ ከ«ያ ትውልድ» ጎን ሲነሳ አልሰማሁም። እኔ ራሴ ታክሲዬን ሸጬ አሁን በስልኩ ነው የምሠራው። አንዳንድ ጊዜ የአየር ንብረት ጉዳይ ያንገበገባቸው ወጣቶች መንገድ ላይ ቁጭ ብለው ያስቆሙናል። ተሳፋሪዬ ከኋላ ይራገማል፣ «እነዚህን ነው መግጨት!» ይላል። መኪናውን አጠፋለሁ። ከልጆቹ አንዷ አጎቴን ትመስለኛለች፤ ያን የበራ ፊቱን በፎቶግራፍ አውቀዋለሁ። ተሳፋሪው ደግሞ በረራ ሊያመልጠው ነው። ለማን ልፍረድ? ለአየር ማረፊያ የሚያደርሰውን አቋራጭ አውቃለሁና እሱን እነግረዋለሁ፤ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ባቡር።

ሰልፉ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ለአባቴ ደወልኩ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«አባባ፣ እኛም መንገድ ዘጋን» አልኩት።

መስመሩ ላይ ጥቂት ዝምታ ነበር።

«አንተም?»

«እኔም።»

«ሰው አልተጉላላም?»

ስለ ሴትየዋ ነገርኩት። ስለ ልብሷ፣ ስለ ኮፈኑ፣ ሰዓቷን ስለማየቷ።

«ነርስ ናት?»

«ትመስላለች።»

«እዚያ አገር የሚከፈለው በሰዓት ነው አላልከኝም?»

«አዎ።»

«ስንት ነው በሰዓት?»

«እንጃ አባባ። 30 ዶላር ይሆናል።»

«እሺ» አለ። የሆነ ነገር ሲያገላብጥ ሰማሁ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ሰፈሩ ውሃ አወራንና ስልኩን ዘጋን።

እሱ ባረፈ በዓመቱ ካርቶኑን ዋሽንግተን ድረስ ይዤው መጣሁ። ከመጨረሻዎቹ ደብተሮች በአንዱ ውስጥ፣ እጁ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ጊዜ በተጻፈ ገጽ ላይ፣ ከጤፍና ከመብራት መሃል ይህ አለ፦

«ቅዳሜ ሰኔ 21። ስልክ ከልጄ። ነርሷ፣ 30 ዶላር። አልተከፈለም።»